የከንቲባ ቫሬን አፍ

ኤቫሪስት ብሩነል ሰው ሲያይ አፉን ከፈት አድርጎ ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚያልፍ ባቡር እንደሚያይ። ዳቦ ቤት ተሰልፎ ከፊቱ የቆመችውን ሴት ማጅራት ሲያጠና፣ ሴትዮዋ ሙቀቱ ይሰማታል መሰል ሳትዞር፣

«ሙሴ ኤቫሪስት፣ ጨረሱኝ ወይስ ገና ነዎት?» ትለዋለች።

«ግራ ጆሮዎ ብቻ ቀርቶኛል፣ ማዳም። ሲመችዎት ዞር ይበሉ።»

ሰልፈኛው ይስቃል። ሴትዮዋ ግን ቤቷ ገብታ ዳቦውን ሳታስቀምጥ መስታወት ፊት ትቆማለች። ግራ ጆሮዬ ላይ ምን አግኝቶ ይሆን?

የሎዋር ወንዝ እንደ ሰነፍ ዘፈን እየተጎተተ በሚያልፍባት በትንሿ የሻንቮ ከተማ፣ ኤቫሪስት ሃያ ስምንት ዓመት የኖረው እንዲህ ሰው እያየ ነው። ሐሙስ ሐሙስ «ሳማ» የምትባል ባለ ስምንት ገጽ ጋዜጣ ትወጣለች፤ እንደ ስሟ የነካችውን ታሳክካለች። የፊት ገጿ ላይ የእሱ የሽሙጥ ሥዕል አለ። የከተማው ሰው መጀመሪያ የተሣለው እሱ አለመሆኑን አይቶ ይተነፍሳል፤ ከዚያ በኋላ ይስቃል።

አባቱ ከወንዙ አሸዋ እያወጣ በጀልባ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ኤቫሪስት በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብስኩት ፋብሪካ ገብቶ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ጽጌረዳ መሣል ጀመረ፤ በቀን ሁለት መቶ ጽጌረዳ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የአትክልት ስፍራ፣ ንብ የማያውቀው፣ ሽታ የሌለው። አንድ ቀን ሰልችቶት በአበቦቹ መካከል የፎርማኑን አፍንጫ ደብቆ ሣለ። ተባረረ። ክዳኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ አልሲድ ፖምሮ ዘንድ ደረሰ። አልሲድ ያኔ የ«ሳማ» ሠዓሊ ነበር፤ ጢሙን ትምባሆ ያቃጠለው፣ ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚል ሰው። ልጁን አስጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«አፍንጫውን ስትሥለው ሰውየው ፊትህ ነበር?»

«የለም፤ ምሳ ሊበላ ሄዶ ነበር።»

«በል ተቀመጥ።»

ትምህርቱ ሁሉ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። አልሲድ ሰው ፊት እርሳስ አያወጣም። የከተማው ምክር ቤት ሲሰበሰብ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ያያል፣ ያያል፣ ያያል። የሚሥለው ቤቱ ሲገባ ነው። ዓይን ሳያይ እጅ የሠራው ሥዕል ለእሱ ውሸት ነበር። ሊሞት ሰሞን ኤቫሪስትን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ፣ «እጅህ ዓይንህን ጥሎ ብቻውን የሄደ ዕለት ብዕሩን አስቀምጥና ዓሣ አጥምድ» አለው። ኤቫሪስትም የሽማግሌውን ቀጭን እጅ ይዞ ማለ። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እጅና ዓይን እንዴት እንደሚለያዩ ሊገባው አይችልም።

አሁን ስልሳ አንድ ሞልቶታል። ነገሩ የመጣው በመጋቢት አንድ ሐሙስ፣ ወንዙ ሞልቶ የዳሩን አኻያ ዛፎች እስከ ወገባቸው ባቀፈበት ሰሞን ነው። የጋዜጣዋ አዘጋጅ ኢቬት ካስታኝ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ተቀመጥ» አለችው፤ «ቆመህ የምትሰማው አይደለም። ከንቲባ ቫሬን ደውሎ ነበር።»

«ሊከሰን ነው?»

«ምነው በከሰሰን። ሥዕሉን ይፈልገዋል። በእጅህ የሣልከውን፣ ዋናውን። በፍሬም አድርጎ ሽንት ቤቱ ሊሰቅለው ነው።»

ሻንቮ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም። የተከበረ ሰው ቤት፣ ሳሎን ላይ የአያት ፎቶ፣ ሽንት ቤት ውስጥ የባለቤቱ የሽሙጥ ሥዕል ይሰቀላል። እንግዳ ገብቶ እየሳቀ ከወጣ፣ ባለቤቱ ቀልድ የሚችል ሰው ነው ማለት ነው። የጥርስ ሐኪሙም፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም፣ የፖሊስ አዛዡም የየራሳቸውን አንጠልጥለዋል። ፊሊቤር ቫሬን ግን በስድስት ዓመት ከንቲባነቱ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ሐሙስ ከተሣለ፣ አርብ ገበያ ላይ ኤቫሪስትን ሲያይ ፊቱን ወደ ሽንኩርቱ ያዞራል። ያ የዞረ ፊት ለኤቫሪስት ደስ የሚል ዜማ ነበር፤ ሥዕሉ ቦታውን መታ ማለት ነው።

«እየሳቀ ነበር ያናገረኝ» አለች ኢቬት፤ ሳታየው ወረቀት እያስተካከለች። «ሙሴ ብሩነልን ዕድሜ አለሰለሳቸው አለኝ።»

ኤቫሪስት የዕለቱን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ከንቲባው መቶ ዓመት የኖረውን ጣሪያ ያለውን ገበያ ሊያፈርስና የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነስቷል፤ በሚቀጥለው አርብ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ኤቫሪስት ቫሬንን አፉን በልቅጦ ገበያውን ከነጣሪያው፣ ከነሻጮቹ ሲውጥ ነበር የሣለው። ጆሮው የቫሬን ነው። ቦርጩም የቫሬን ነው። አፉ ግን... የታች ከንፈሩ እንደ መስኮት ደፍ ወጣ ያለ፣ በግራ በኩል የተሰበረ ጥርስ ክፍተት፣ ዳር ላይ ቁልቁል የሚወርድ አንድ ጥልቅ መስመር። ቫሬን የተሰበረ ጥርስ የለውም። እንዲህ ያለ ከንፈርም የለውም።

እና ይህ የማን አፍ ነው? እጁ ከየት አመጣው?

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሶላንዥ ልብስ ስፌቷ ላይ ነበረች። ለፋሲካ የሚደርስ የሰው ቀሚስ ከፊቷ ተቆልሏል፤ እግሯ መኪናውን እየመታ፣ በአፏ ሲሰፉ የሚዘፍኑትን ታንጎራጉራለች፦

ዓይንህ የት ነበረ ስታልፍ በደጃፌ፣
እኔ ስጠብቅህ መርፌዬን ታቅፌ።

ጋዜጣውን በጨርቁ ላይ አኖረላትና በጣቱ አሳያት። «ይኼን አፍ ታውቂዋለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ያንተን ስጠብቅ የሌላ ሰው አፍ መቼ አየሁ?»

«ሶላንዥ፣ የምሬን ነው።»

መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችው፤ ሥዕሉን ሳይሆን እሱን። «ደክሞህ ነው።»

«ድካም እጅ ያንቀጠቅጣል። አፍ ግን አይፈጥርም። ከሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። የት እንዳየሁት ካወቅሁ ዓይኔ ሠርቷል ማለት ነው፤ ተቀላቀለብኝ እንጂ አልታወርኩም።»

«ባታውቅስ?»

«ለአልሲድ የማልኩትን ታውቂያለሽ።»

መኪናው ቆመ። ሶላንዥ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ዓሣ ማጥመድ አትችልም» አለች ቀስ ብላ። «ትሉ ያሳዝንሃል።»

በማግሥቱ ኤቫሪስት የሥዕሉን አፍ ብቻ ከጋዜጣው ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ከተታት፤ እንደ ፍቅረኛ ፎቶ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ሙሴ ሉቤ ዘንድ ሄደ። አፍን እንደ ፀጉር አስተካካይ የሚያውቅ የለም፤ በቀን ሃያ አፍ በመስታወት ውስጥ ሲያወራለት ይውላል። ሉቤ ቁራጯን ወደ ብርሃን አነሳት።

«ይቺማ አማቴ ናት» አለ።

«አማትህን አይቻቸው አላውቅም።»

«ዕድለኛ ነህ። እሷ ናት ግን። እሁድ ዶሮውን ቀምሳ ጨው አነሰው ልትል ስትል እንዲህ ነው የምትሆነው።»

ከዚያ ገበያው ገባ። ዓሣ ሻጯ ዤርሜን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችው። እንኳን ሊያፈርሱት እንዳይነኩት የምትመኘው ጣሪያ ከራሷ በላይ ነበር፤ ርግቦች ይመላለሱበታል።

«ግብር ሰብሳቢው ነው» አለች። «አይ፣ ቆይ። ወደ ጎን አዙራት። ባሌ ነው፤ የመጀመሪያው። ጥሎኝ የሄደ ዕለት ሻንጣውን ሲዘጋ እንዲህ ነበር ያደረገው።»

«ባልሽ ጥርሱ ተሰብሮ ነበር?»

«ከመሄዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተሰበረ» አለች ዤርሜን፤ ቢላዋዋን እያጠበች። «አንተ ግን አፍ ይዘህ ከምትዞር አርብ ከመድረሱ በፊት ይኼን ከንቲባ አንድ በለው። የባለፈውንማ ወዶታል አሉ። አየህ፣ እኛ የጠላነውን ነው የወደደልህ።»

ለፖስተኛው አፉ የቀድሞ አለቃው ነበር። ለአበባ ሻጯ ያከራየቻት ሴትዮ። ለጡረተኛው አስተማሪ የትምህርት ሚኒስትሩ፤ ያውም ከሁለት መንግሥት በፊት የነበረው። ኤቫሪስት አምስት ሰው ጠይቆ አምስት አፍ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደና ግንቡ ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው ቫሬን ነው አላለም። ግን ደግሞ አንድም ሰው አላውቀውም አላለም። ሁሉም አይቶ የሆነ የሚጠላውን ሰው አገኘበት። ምን ዓይነት አፍ ነው፣ የጠላኸው ሰው ሁሉ ፊት ላይ ልክ የሚሆን? ውሃው ሲያልፍ አየው፤ ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ ከፍርሃቱ ሥር ግን አንድ ነገር ይኮረኩረው ጀመር። ማወቅ ፈለገ። ለመሐላው ብሎ ብቻ አይደለም፤ እንዲሁ ማወቅ ፈለገ።

እሁድ የአልሲድን ሚስት ሊጠይቅ ሄደ። ሊዮንቲን ፖምሮ ዘጠና ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ከአንዲት ድመት ጋር ትኖራለች። ጉልበቷ ደክሟል፤ ዓይኗ ግን ገና መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ያመጣላትን የፖም ኬክ ተቀብላ፣ ቁራጯን ወረቀት አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኤቫሪስት ያመማት መስሎት ብድግ አለ። እየሳቀች ነበር።

«ሽንት ቤት ግባ» አለችው።

«አልመጣብኝም፣ ማዳም ሊዮንቲን።»

«ግባ እልሃለሁ፣ ልጄ። ገብተህ ወደ ቀኝ እይ። አንተ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ነው የምታየው መሰለኝ።»

ገባ። ከግድግዳው ላይ፣ ከመደርደሪያው በላይ፣ ዕድሜ ያጠየመው ሥዕል ተሰቅሏል፤ አልሲድ ከጦርነቱ በፊት የሣለው የአውራጃ ገዥ። ገዥው ድልድይ እየዋጠ ነው። የታች ከንፈሩ እንደ መስኮት ደፍ ወጣ ብሏል። በግራ በኩል ጥርሱ ተሰብሯል። ዳር ላይ ያቺ መስመር ቁልቁል ትወርዳለች። ኤቫሪስት ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል? እዚች ሥዕል ፊት ስንት ጊዜ ቆሟል፣ ሳያያት፣ እያያት? ውሃውን ለቀቀው፤ ያላደረገውን አደረገ እንዲባል ሳይሆን ልቡ ሲመታ እንዳይሰማ።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ሰረቅሁት» አለ። «ከአልሲድ ሰረቅሁት። ሰው አላየሁም፤ ወረቀት ነው ያየሁት።»

«ቁጭ በል። አልሲድስ ከማን ያመጣው ይመስልሃል?»

«ከገዥው ነዋ።»

«ገዥውማ ጢማም ነበር፤ አፉ እንኳን አይታይም። ይኼ የአባቴ አፍ ነው፣ ኤቫሪስት።» ኬኩን በጣቷ ቆረሰች። «አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። አልሲድ እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ሠዓሊ ለሚባል ሰው ልጅ አልሰጥም ብሎ በሩ ላይ አስቁሞ ሳቀበት። እንዲህ፣ አፉን ከፍቶ። እኛ በኋላ በድብቅ ተጋባን፤ አልሲድ ግን ያቺን ሳቅ አልረሳትም። ጳጳስ ይሁን ጄኔራል፣ የጠላውን ሰው ሲሥል የአባቴን አፍ ይሰጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባቴን ሲበቀል ኖረ። አንድም ሰው አላወቀ። አባቴ ራሱ ጋዜጣውን እያየ ይስቅ ነበር፤ በዚያው አፍ።»

ኤቫሪስት ተቀመጠ። ድመቷ ጭኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ታዲያ እኔን ለምን አስማለኝ?»

«ራሱ ስላልቻለ ነዋ» አለች ሊዮንቲን። «ሰው ልጁን የሚያስምለው በዚያ አይደል?»

ወደ ቤቱ ሲመለስ በአኻያዎቹ ሥር በቀስታ ሄደ። መሐላው ግልጽ ነው። እጁ ብቻውን ሄዷል፤ ያውም በሌላ ሰው እግር፣ በሌላ ሰው ቂም። ኢቬትን ነገ ማለዳ ሊነግራት ይገባል። ግን በድልድዩ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ጥያቄ ነው ያቆመው። ቫሬን፣ ለመሆኑ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው ያለው? ጆሮውን አሰበ፤ መጣለት። ጫማውን፣ ሲቀመጥ የሱሪውን የካውያ መስመር የሚያስተካክልበትን መንገድ፤ ሁሉም መጣ። አፉ ጋ ሲደርስ ግን ባዶ ነው፤ ፍቆ ያጠፋው ወረቀት ይመስል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ሲሥል አፉን አንድ ቀን አላየውም። ጠልቶት ነበር፤ ስለጠላውም የሚያውቀው መስሎት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ደወለ። ከንቲባው በደስታ ተቀበለው፤ እንግዲያው ሥዕሉን ይዘው ይምጡ፣ ምሳ አብረን እንበላለን አለ። ኤቫሪስት ከሚሥለው ሰው ጋር ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። ሶላንዥ ኮቱን ስትቦርሽለት አልጠየቀችውም፤ ኮሌታውን ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘችው። ሥዕሉን አልወሰደም።

ምግብ ቤቱ ከወንዙ ትይዩ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ወረቀት ይነጠፋል። ቫሬን ተነስቶ ጨበጠው። ባዶ እጁን አየና፣

«ሥዕሌስ?» አለ።

«ያንተ አይደለም» አለ ኤቫሪስት። ከዚያ ራሱን አረመ። «የእርስዎ አይደለም፣ ሙሴ ከንቲባ። የአንድ እህል ነጋዴ ነው። ረጅም ታሪክ አለው።»

ቫሬን ሳቀ። ኤቫሪስት አየው። ሳቁ ከጉሮሮው ወጣ እንጂ ከንፈሩ አልተከፈተም። አስተናጋጁ በዚያ ወር ብቻ ሽቅብ ወንዙን የሚወጣውን ዓሣ አመጣ፤ ሥጋው እንደ ቅቤ የሚቀልጥ፣ ግን እንደ ክር የቀጠነ አጥንት የሞላበት። ሻንቮ ውስጥ ይህን ዓሣ እያወራ የሚበላ ሰው የለም። ሁሉም ያጎነብሳል፣ ዝም ይላል፣ ይለቅማል።

ቫሬን ግን ያወራል። ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ዛፎቹ፣ ለዓሣ ሻጮቹ ከከተማው ዳር ስለሚሰጠው ቦታ። ኤቫሪስት እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ያየው ጀመር። ትንሽ አፍ ነበረች። ንጹሕ፣ ጠባብ፣ እንደ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ። ምንም አትውጥም። ከንፈሮቹ ተገጥመው ውስጥ ውስጡን ትሠራለች፤ ቃሉ በአንድ በኩል ይወጣል፣ በሌላ በኩል ምላሱ አጥንቱን እየፈለገ ይለያል። ከዚያ ሁለት ጣት ብቅ ይልና አጥንቷን ይቀበላል።

አጥንቷ ግን የት ነው የምትሄደው? የቫሬን ሳህን ጠርዝ ነጭ ነው፤ አንድም የለበትም። ኤቫሪስት ጣቶቹን ተከተላቸው። ወሬው ሳይቋረጥ፣ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው፣ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ተሻግረው መጡና አጥንቷን የኤቫሪስት ሳህን ጠርዝ ላይ በጨዋ ደንብ አስተኟት። እዚያ አሥራ አንድ ተደርድረዋል። ኤቫሪስት ገና ሹካ አላነሳም።

«አይበሉም?» አለ ቫሬን።

«እያየሁ ነው።»

ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ፤ በብርዱ ወራት በረዶ የሆነ ውሃ በመጋቢት ጠዋት ስንጥቅ ሲል እንደሚሰማው ዓይነት። ቤት እስኪደርስ አልቻለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት እርሳስ አወጣ። ሳህኑን ገፋ አድርጎ በጠረጴዛው ወረቀት ላይ ሣለ፦ ጣሪያ ያለው ገበያ ትልቅ ሳህን ላይ ቀርቧል፤ ሥጋው ያለቀ፣ ምሰሶና ማገሩ ብቻ የቀረ። ቫሬን ንጹሕ ናፕኪን አንገቱ ላይ አስሮ፣ ትንሿን አፉን ገጥሞ፣ በሁለት ጣቱ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ዙሪያውን በተቀመጡት ሰዎች ሳህን ጠርዝ ላይ ያስተኛል። ዤርሜን አለች፣ አበባ ሻጯ አለች። ሁሉም አመሰግናለሁ የሚሉ ይመስላሉ።

ከንቲባው አንገቱን አስግጎ አየ። በመጀመሪያ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ ኤቫሪስት ሳህን ሄደ፤ የተደረደሩትን አጥንቶች አገኛቸው። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ፤ በሁለት ጣቱ መካከል አሥራ ሁለተኛዋ ነበረች። የት እንደሚያደርጋት ቸገረው። ወደ ራሱ ሳህን አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ በመጨረሻ ናፕኪኑ ውስጥ ደበቃት።

«ይኼ እንኳ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ሽንት ቤት የሚሰቀል አይደለም።»

«አይደለም» አለ ኤቫሪስት። ወረቀቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ ቀስ ብሎ ቀደደው።

አስተናጋጁ መጥቶ የተራቆተውን ጠረጴዛ አየ። «ሙሴ ብሩነል፣ ሌላው ሰው ምግቡን ነው የሚጨርሰው» አለ። «እርስዎ ጠረጴዛውን ጨረሱት?»

ኤቫሪስት ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ውስጥ እየከተተ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ የአስተናጋጁን ቀኝ ቅንድብ እያየ ነበር። ከግራው ከፍ ያለ ነው፤ አሥር ዓመት እዚህ ሲበላ አስተውሎት አያውቅም። ምን አይቶ ነው እንዲህ ከፍ ብሎ የቀረው?